ከበረዶ በታች ያለ ውቅያኖስ

ጁፒተርን ከሚዞሩት ጨረቃዎች አንዷ ዩሮፓ ናት። መጠኗ ከእኛ ጨረቃ በጥቂቱ ያንሳል፤ የመካከሏ ስፋት 3,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በገጿ ላይ ከፍ ያለ ተራራ እምብዛም አይታይም። መላ አካሏ በረዶ ለብሷል፤ በረዶውም በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር በሚዘረጉ ቀይ ቡናማ ስንጥቆች ተተልትሏል። ቅዝቃዜው በወገቧ ዙሪያ እንኳ ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ከዚህ በረዶ ሥር ግን፣ የምድር ውቅያኖሶች ሁሉ ተደምረው ከያዙት ውሃ እጥፍ ገደማ የሚሆን ጨዋማ ባሕር እንዳለ አብዛኞቹ የዘርፉ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ባሕሩን በዓይኑ ያየው የለም። መኖሩ የታወቀው በስሌትና በመግነጢስ መለኪያ ነው። አሁን ሁለት መንኮራኩሮች፣ አንዷ ከአሜሪካ ሌላዋ ከአውሮፓ፣ ይህን ባሕርና መሰሎቹን ቀርበው ሊመረምሩ በጉዞ ላይ ይገኛሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁፒተር ከፀሐይ 780 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ምድር ከምታገኘው ሃያ አምስተኛ እጅ ብቻ ነው። በዚህ ብርሃን ውሃ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ አይችልም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ዩሮፓ ጁፒተርን በሦስት ቀን ተኩል አንድ ጊዜ ትዞራለች። እሷ ሁለት ዙር ስትጨርስ ከእሷ ወደ ውስጥ ያለችው አዮ አራት ዙር፣ ከእሷ ወደ ውጭ ያለችው ጋኒሜድ ደግሞ አንድ ዙር ትጨርሳለች። በዚህ የማይዛነፍ ስምምነት የተነሣ ሦስቱ ጨረቃዎች በየጊዜው እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ፣ የዩሮፓ ምሕዋር ፍጹም ክብ ሊሆን አልቻለም። ስለዚህ አንዴ ለጁፒተር ቀረብ፣ አንዴ ራቅ ትላለች። ስትቀርብ የግዙፉ ፕላኔት ስበት ይጎትታታል፣ ስትርቅ ይለቃታል። ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉትና ሲያቀኑት እንደሚግለው ሁሉ፣ የጨረቃዋም ውስጥ ከዚህ መለጠጥና መሰብሰብ ሙቀት ያገኛል። ለጁፒተር ይበልጥ የቀረበችው አዮ በዚሁ ምክንያት በመላው የፀሐይ ሥርዓት ተወዳዳሪ የሌለው እሳተ ገሞራ ይፈነዳባታል። በዩሮፓ ላይ ኃይሉ ለዘብ ያለ ነው፤ ለማፍላት ሳይሆን በረዶን ከሥር አቅልጦ ባሕር ለማቆየት የሚበቃ።

ይህ ሐሳብ ለረጅም ጊዜ መላምት ብቻ ነበር። ማስረጃው የተገኘው ከ1995 እስከ 2003 ድረስ ጁፒተርን በዞረችው የጋሊሌዮ መንኮራኩር ነው። የጁፒተር መግነጢሳዊ ምሰሶ ከሚሽከረከርበት ዘንግ በ10 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ዩሮፓ ያለችበት ስፍራ የመግነጢስ መስክ በየአምስት ሰዓት ተኩሉ አቅጣጫውን ይለዋውጣል። ተለዋዋጭ መግነጢስ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ነገር ውስጥ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ ያ ፍሰት ደግሞ የራሱን ትንሽ መግነጢስ ይወልዳል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ማርጋሬት ኪቭልሰን የመሩት የመግነጢስ መለኪያ ቡድን ይህንኑ ትንሽ መግነጢስ አገኘው። አቅጣጫውም ልክ እንደሚጠበቀው ከጁፒተር ጋር አብሮ ይገለበጣል። ደረቅ በረዶና ዓለት ይህን አያደርጉም። ከገጿ በታች ዙሪያዋን የከበበ ጨው ያለበት ውሃ ግን ያደርገዋል። በጠፈር ምርምር ታሪክ ውስጥ በዚህ ያህል ጥቂት መሣሪያ ይህን ያህል ትልቅ ነገር የተደረሰበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

የናሳዋ ዩሮፓ ክሊፐር ይህን ግኝት ተከትላ የተሠራች መንኮራኩር ናት። ወደ መነሻዋ በተቃረበችበት በ2024 ግን ሁለት ነገሮች ሊያስቀሯት ደርሰው ነበር።

የመጀመሪያው በሜይ ወር ተሰማ። በመንኮራኩሯ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይልን የሚቆጣጠሩ ብዙ ትናንሽ ትራንዚስተሮች አሉ። የዚያው ዓይነት ትራንዚስተሮች በሌላ ቦታ ሲፈተኑ፣ ይችላሉ ከተባለው በጣም ባነሰ ጨረራ እንደሚበላሹ ታወቀ። ጁፒተር ደግሞ በፀሐይ ሥርዓት ውስጥ ካሉት ፕላኔቶች ሁሉ ብርቱ የጨረራ ቀበቶ ያለው ነው። መግነጢሱ ኤሌክትሮኖችንና ፕሮቶኖችን ይዞ ወደ ብርሃን ፍጥነት እስኪጠጉ ያስሮጣቸዋል፤ ዩሮፓም የምትዞረው በዚያው ውስጥ ነው። መንኮራኩሯ ተገጣጥማ አልቃለች፤ ትራንዚስተሮቹን ለመቀየር ብትፈታ መነሻ ጊዜዋ ያልፋል። ስለዚህ በፓሳዲና፣ በሜሪላንድና በሌሎችም ቤተ ሙከራዎች ያሉ መሐንዲሶች ለአራት ወራት ያህል ሌት ከቀን እየተፈራረቁ ተመሳሳይ ትራንዚስተሮችን በጨረራ እየመቱ ፈተኑ። መልሱ የተገኘው ከመንኮራኩሯ አካሄድ ነው። ክሊፐር በጨረራው ውስጥ ለአጭር ጊዜ ገብታ ትወጣለች፤ ከዚያ በቀጣዮቹ ሳምንታት ርቃ ትቆያለች። በዚያ የዕረፍት ጊዜ ትራንዚስተሮቹ መጠነኛ ሙቀት ሲያገኙ ከደረሰባቸው ጉዳት በከፊል ያገግማሉ። በሴፕቴምበር ወር ትነሣ ተባለ።

ሁለተኛው ከሰማይ መጣ። ለኦክቶበር 10 ተቆርጦ የነበረው ጉዞ፣ ሚልተን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን በመምታቱ ተቋረጠ። ክሊፐር በማከማቻዋ ውስጥ ተዘግቶባት ነፋሱ እስኪያልፍ ጠበቀች። ኦክቶበር 14 ቀን፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 1፡06 ላይ፣ ፋልከን ሄቪ በተባለው ሮኬት ጫፍ ተጭና ከኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ተነሣች። ከነነዳጇ 6,000 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ሁለቱ የፀሐይ ኃይል ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሜትር ያልፋሉ፤ በዚያ ደካማ ብርሃን በቂ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ከዚህ ያነሰ ክንፍ አይበቃም።

ጉዞው 2.9 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያህል የሚረዝመው ጁፒተር ስለራቀ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ የከበደችን መንኮራኩር በቀጥታ እዚያ የሚያደርስ ሮኬት ስላልተገኘ ነው። ስለዚህ ክሊፐር ፍጥነቷን ከፕላኔቶች ትበደራለች። አንድ መንኮራኩር በፀሐይ ዙሪያ ከሚሮጥ ፕላኔት ጀርባ ተጠግታ ስታልፍ ስበቱ ይስባታል፤ ስትወጣ አቅጣጫዋ ተቀይሮ ፍጥነቷም ጨምሮ ትገኛለች። ፕላኔቱ በዚያው ልክ ፍጥነት ይቀነስበታል፤ ነገር ግን ከግዙፍነቱ አንጻር የቀነሰው ሊለካ የማይችል ኢምንት ነው። ክሊፐር ማርች 1 ቀን 2025 በማርስ አጠገብ በ884 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች። አጋጣሚውንም ራዳሯን ለመፈተን ተጠቀመችበት፤ የራዳሩ አንቴናዎች በጣም ረጃጅም በመሆናቸው በምድር ላይ ሆኖ መላው መሣሪያ በአንድነት ሊሞከር አልቻለም ነበር። ቀጣዩ ዕቅድ በዲሴምበር 2026 በምድር አጠገብ ማለፍ ነው። ጁፒተር የምትደርሰው በአፕሪል 2030 ይሆናል።

እዚያ ስትደርስ የምትዞረው ዩሮፓን አይደለም፤ ጁፒተርን ነው። ዩሮፓን ብትዞር ጨረራው በጥቂት ወራት ይጨርሳታል። በምትኩ በተለጠጠ ሞላላ ምሕዋር እየዞረች፣ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ወደ ዩሮፓ ትወረወራለች፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የምትችለውን ሁሉ ለክታ ትወጣለች፤ ከጨረራው ከራቀች በኋላ የሰበሰበችውን ወደ ምድር ትልካለች። እንዲህ ያለ ቅርብ ማለፍ 49 ጊዜ ታቅዷል። በጣም የምትቀርበው በ25 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲሆን፣ በየጊዜው በተለያየ ስፍራ ላይ ስለምታልፍ ከሞላ ጎደል መላዋን ጨረቃ ለመቃኘት ትችላለች ማለት ነው። የኤሌክትሮኒክስ አእምሮዋ በወፍራም የአሉሚኒየም ግድግዳ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ተዘግቷል።

መሣሪያዎቿ ዘጠኝ ናቸው። ብዙ ተስፋ የተጣለበት ራዳሩ ነው። የራዲዮ ሞገድ በጣም በቀዘቀዘ በረዶ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ውሃ ሲያገኝ ግን ተመልሶ ይመጣል። ሳይንቲስቶች በአንታርክቲካ ከኪሎ ሜትሮች በረዶ ሥር የተሰወሩ ሐይቆችን ካርታ ያነሡት በዚሁ ዘዴ ነው። የዩሮፓ የበረዶ ቅርፊት ውፍረት በብዙዎቹ ግምት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ይወፍራል የሚሉም፣ በአንዳንድ ስፍራ ይሳሳል የሚሉም አሉ። የክሊፐር ራዳር እስከ 30 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ለማየት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ክርክሩን ሊቋጭ ይችላል። ቅርፊቱ ውስጥ የታቆረ ውሃ ካለም ያገኘዋል።

ከሌሎቹ መሣሪያዎች ሁለቱ ደግሞ ዩሮፓን ሳይነኩ ይቀምሷታል። የጠፈር ብናኝ ሳያቋርጥ የጨረቃዋን ገጽ ይመታል፤ በመታ ቁጥር ጥቃቅን የበረዶና የጨው ቅንጣቶች ወደ ላይ ይስፈነጠራሉ። አንዱ መሣሪያ ክሊፐር ስታልፍ እነዚህን ቅንጣቶች እየተቀበለ ከምን እንደተሠሩ ይለያል፤ ሌላው በጨረቃዋ ዙሪያ ያለውን እጅግ ስስ ጋዝ ይመዝናል። ጨዉ ከሥር ካለው ባሕር የወጣ ከሆነ፣ የባሕሩ ጠባይ በእነዚህ ቅንጣቶች ይነበባል። በ2023 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ታራ በተባለው የዩሮፓ አካባቢ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶ አግኝቷል። በዚያው ስፍራ ከዚያ ቀደም የሃብል ቴሌስኮፕ የገበታ ጨው ምልክት አይቶ ነበር። ሁለቱም ከውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር መኖሩን ይጠቁማሉ።

የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ መንኮራኩር ጁስ ትባላለች። ከክሊፐር በአንድ ዓመት ተኩል ቀድማ፣ አፕሪል 14 ቀን 2023፣ በደቡብ አሜሪካ ከምትገኘው ከፈረንሳይ ጉያና በአሪያን 5 ሮኬት ተነሣች፤ ጁፒተር የምትደርሰው ግን ከክሊፐር በኋላ በጁላይ 2031 ነው። ሮኬቷ ጉልበቱ ያነሰ በመሆኑ የምትዞረው መንገድ ይረዝማል። በኦገስት 2024 በጨረቃና በምድር አጠገብ በአንድ ቀን ልዩነት ውስጥ ተከታትላ አለፈች፤ እንዲህ ያለ ጥምር ማለፍ ከዚያ በፊት ተሞክሮ አያውቅም። ከዚያ በኦገስት 2025 በቬነስ አጠገብ አለፈች። ለጁፒተር ብርድ የተሠራች መንኮራኩር ለፀሐይ ይህን ያህል ስትቀርብ እንዳትግል ትልቁን ሳህን አንቴናዋን ወደ ፀሐይ አዙራ ከለላ አደረገችው። ከዚህ በኋላ በምድር አጠገብ ሁለት ጊዜ ታልፋለች፤ በሴፕቴምበር 2026 እና በጃንዋሪ 2029።

ጁስ በተነሣች በመጀመሪያው ሳምንት በጀርመን ዳርምሽታት ያለው የመቆጣጠሪያ ማዕከል ክፉ ዜና ደረሰው። በረዶን ዘልቆ የሚያየው ራዳሯ አንቴና ተጣጥፎ ነው የተጫነው፤ ሲዘረጋ 16 ሜትር ይሆናል። እንዲዘረጋ ትእዛዝ ሲሰጠው ከሙሉ ርዝመቱ ሲሶውን ያህል ብቻ ዘርግቶ ቆመ። በመንኮራኩሯ ላይ ያለው ካሜራ ፎቶግራፍ ሲልክ፣ አንዲት ትንሽ የብረት ችንካር ከማቀፊያዋ አልወጣ ብላ ቀሪውን እንደያዘችው ታመነ። ችንካሯ መንቀሳቀስ ያለባት በሚሊ ሜትር የሚለካ ርቀት ነው። ሄዶ የሚነቀንቃት ሰው ግን የለም። መሐንዲሶቹ መንኮራኩሯን በሞተሯ አንቀጠቀጧት። ብረቱ ሞቆ እንዲለቅ ያን ጎኗን ወደ ፀሐይ አዞሩት። አንቴናው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተነቃነቀ ቢመጣም አልተለቀቀም። ሜይ 12 ቀን በዚያው ማቀፊያ ውስጥ ያለ ሌላ መልቀቂያ እንዲመታ አዘዙት። ድንገተኛው ንዝረት ችንካሯን ገፋት፤ አንቴናውም ተዘረጋ። አንድ የተቆለፈ ማጠፊያ የብዙ ዓመታትን ድካም ከንቱ ሊያደርግ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው የዚያን ቀን እፎይታ ይረዳዋል።

ጁስ ዩሮፓን ሁለት ጊዜ ብቻ ትጎበኛለች፤ ሌላዋን የጁፒተር ጨረቃ ካሊስቶን ደግሞ 21 ጊዜ። ዋና ዓላማዋ ጋኒሜድ ናት። ጋኒሜድ በፀሐይ ሥርዓት ውስጥ ካሉት ጨረቃዎች ሁሉ ትልቋ ናት፤ ከፕላኔቷ ሜርኩሪ ትበልጣለች፤ የራሷን መግነጢስ የምታመነጭ ብቸኛዋ የታወቀች ጨረቃም እሷ ናት። ጁስ በዲሴምበር 2034 ምሕዋሯ ውስጥ ትገባለች። ከምድር ጨረቃ ሌላ የአንዲትን ጨረቃ ምሕዋር የያዘች የመጀመሪያዋ መንኮራኩር ትሆናለች ተብሎም ይጠበቃል። የጋኒሜድ ባሕር ግን ከዩሮፓ ይልቅ በጣም ጥልቅ ስፍራ ላይ፣ በሁለት የበረዶ ንብርብሮች መካከል ታፍኖ እንደሚገኝ ይታሰባል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በዩሮፓ ባሕሩ ወለሉ ዓለት ነው፤ ውሃና ትኩስ ዓለት ሲገናኙ ደግሞ ለሕይወት መነሻ የሚሆን ኬሚስትሪ ይፈጠራል። በ1977 በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት የባሕር ወለል ላይ፣ ከትኩስ ምንጮች ዙሪያ ትሎችና ዛጎል ለበስ እንስሳት በብዛት ሲኖሩ ተገኝተዋል። ምግባቸው የሚመነጨው ከምድር ውስጥ በሚወጣ ኬሚካል ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ የሕይወት ብቸኛ ምንጭ መሆኗ ቀርቷል። የጨለማ ባሕሮች ፍለጋ ጥርጣሬ ሳይሆን ቁም ነገር የሆነው ከዚህ ግኝት የተነሣ ነው።

ያም ሆኖ ክሊፐርም ሆነች ጁስ ሕይወትን አይፈልጉም። ክሊፐር እንድትመልሰው የተሰጣት ጥያቄ ዩሮፓ ለሕይወት የሚመች ሁኔታ አላት ወይ የሚል ነው። ይህ ለብዙ ሰው ያነሰ ጥያቄ ይመስላል፤ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ይኸው ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ከአፋር የተሻለ ስፍራ የለም።

በዳናኪል ዝቅታ፣ ከባሕር ጠለል በታች፣ የሚገኘው ዳሎል በቢጫ፣ በአረንጓዴና በቀይ ኩሬዎቹ ይታወቃል። ውሃው ከሥር ባለው ቅልጥ ዓለት ይፈላል፤ ጨዋማነቱ እስከ መጨረሻው ደርሷል፤ አሲድነቱም በምድር ላይ ከተለኩት የተፈጥሮ ውሃዎች ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት ነው። የፕላኔት ሳይንቲስቶች ከሩቅ ዓለማት ጋር የሚመሳሰል ስፍራ ሲፈልጉ ወደዚህ የሚመጡት ለዚህ ነው። በ2019 ሁለት የምርምር ቡድኖች ከዳሎል ተቃራኒ ውጤት ይዘው ወጡ። በስፔን ተመራማሪዎች የተመራው ቡድን በማዕድን ውስጥ የታሸጉ እጅግ ደቃቅ ሕዋሳት አገኘሁ አለ። ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ያሉበት የፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከል ቡድን ግን፣ በአካባቢው ባሉ የጨው ሸለቆዎች ብዙ ዓይነት ደቂቅ ሕይወት ቢያገኝም፣ እጅግ አሲዳማና እጅግ ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ምንም የለም ብሎ ደመደመ። አሲዱና ጨዉ ለየብቻ ቢሆኑ የሚቋቋሟቸው ፍጥረታት አሉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን፣ በተለይ ማግኒዥየም ሲበዛ፣ ሕዋስ ሊኖር አይችልም። ቡድኑ አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ፦ በኩሬዎቹ ውስጥ ከሕዋስ ጋር በቅርጽ የሚመሳሰሉ የሲሊካ ቅንጣቶች ስላሉ፣ በማይክሮስኮፕ የታየ ቅርጽ ብቻውን የሕይወት ማስረጃ አይሆንም።

ሁለቱም ነጥቦች ለዩሮፓ በቀጥታ ይሠራሉ። ውሃ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ጨዉ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አሲድነቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ኃይል ከየት እንደሚገኝ መታወቅ አለበት። ሰው ሄዶ ናሙናውን በእጁ በሚቀዳበት በዳሎል ጠበብት ካልተስማሙ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ከፍታ እየበረረ የሚያልፍ መሣሪያ ሕይወት አገኘሁ ቢል ማን ያምነዋል? መጀመሪያ ባሕሩን ማወቅ፣ ቀጥሎ ነዋሪውን መጠየቅ ነው።

ጥንቃቄው በሌላ በኩልም አለ። ከምድር የሄደ ባክቴሪያ በመንኮራኩር ላይ ተጣብቆ ዩሮፓ ቢደርስ፣ በኋላ የተገኘው ሕይወት የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። በ2003 የጋሊሌዮ መንኮራኩር ነዳጅዋ ሊያልቅ ሲል ሆን ተብሎ ወደ ጁፒተር ተወርውራ እንድትቃጠል የተደረገው ለዚህ ነው። የሳተርንን ጨረቃ የኤንሴላደስን የውሃ ፍንዳታ ያገኘችው ካሲኒም በሴፕቴምበር 2017 በሳተርን ውስጥ እንዲሁ አበቃች። ጁስ ዕድሜዋን የምትጨርሰው ጋኒሜድ ላይ ወድቃ ነው፤ ባሕሯ በጣም ጥልቅ በመሆኑ የመበከል ዕድሉ አነስተኛ ነው ተብሎ ታምኗል።

ከሁለቱ በኋላ የሚመጡትም አሉ። ናሳ በጁላይ 2028 ድራጎንፍላይ የተባለች ባለ ስምንት ተሽከርካሪ ክንፍ በራሪ ወደ ሳተርን ጨረቃ ወደ ታይታን ለመላክ አቅዷል፤ የምትደርሰው በ2034 ነው። የታይታን አየር ከምድር አየር በአራት እጥፍ ይከብዳል፤ ስበቷ ግን የምድርን ሰባተኛ እጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መብረር ከምድር ይልቅ እዚያ ይቀላል። ፀሐይ በጭጋግ ስለተሸፈነች ድራጎንፍላይ ኃይሏን የምታገኘው ከኒውክሌር ምንጭ ነው። ቻይና በዚህ አሥርት ዓመት መጨረሻ ገደማ ቲያንዌን 4ን ወደ ጁፒተርና ወደ ካሊስቶ ለመላክ ትዘጋጃለች። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ደግሞ በ2024 ቀጣዩ ትልቅ ጉዞ ወደ ኤንሴላደስ ይሁን ሲል ሐሳብ አቅርቧል። ኤንሴላደስ 500 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሰፋ ትንሽ ጨረቃ ብትሆንም፣ ባሕሯን በደቡብ ምሰሶዋ በኩል ወደ ጠፈር ትረጨዋለች፤ ካሲኒም በርጭቱ ውስጥ አልፋ ጨው፣ ሃይድሮጅንና ፎስፌት መኖሩን የሚያሳይ መረጃ ልካለች። ቁፋሮ ሳያስፈልግ የባሕር ናሙና የሚገኝባት ስፍራ ናት፤ ስለዚህ ከሁሉም ቀድሞ ሕይወትን በቀጥታ ለመፈለግ የምትመች እሷ ነች ብሎ መፍረድ ይቻላል።

በዩሮፓ ላይ ለማረፍ የሚያስችል ጉዞ ግን እስካሁን አልጸደቀም። ናሳ አንድ የማረፊያ መንኮራኩር ንድፍ ለዓመታት ሲያስጠና ቢቆይም ወደ ሥራ አልገባም። የሚወርደው መሣሪያ የት እንደሚያርፍ፣ በረዶው የት እንደሚሳሳ፣ ትኩስ ጨው የት እንደወጣ የሚያሳይ ካርታ ገና የለም። ያ ካርታ የሚነሣው ክሊፐር ጁፒተር ደርሳ በዩሮፓ ላይ ደጋግማ ስታልፍ፣ ማለትም ከ2031 ጀምሮ ነው።